የዘበኛው ግንብ

ማክሰኞ

ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ከፍቶ ሲያየው ያዝኩት። ፈረንሳይ አገር፣ ጫካ መሃል የሚሸጥ ግንብ። ሁለት ክብ ማማ፣ ግማሽ ጣራ፣ በየመስኮቱ የበቀለ ሐረግ። «እድሳት ያስፈልገዋል» ይላል ማስታወቂያው። እድሳትስ የሚያስፈልገው ለባሌ ለግርማ ነው። ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ለመደረግ ወረፋ ከያዘ ዓመት አልፎታል፤ ከሶፋ ሲነሣ ማርያምን ይጠራል።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ግንቡን ከሚሸጠው ኤጀንት ጋር ሲጻጻፍ ከርሟል! እዚህ ስደት አገር፣ ሜልተን ያለውን ቤታችንን ሸጠን ልንገዛው። ዕዳውን ከፍለን የጨረስነው እኮ አምና ነው። እኔ የሰው ቢሮ እያጸዳሁ፣ እሱ መሃል ሲቲ የሰው ሕንፃ ሲጠብቅ እያደረ።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰው በር ጠበቅኩ፣ ጥሩዬ። አንድ ቀን የራሴን በር ከፍቼ ልግባ» አለኝ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አልኩት። አልበቃኝም። «ደግሞ ዘበኛ ግንብ ቢገዛ፣ ያው በሩ ላይ ነው የሚቆመው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ጥሩ አባባል ስለመሰለችኝ ለልጃችን ለሳምሪ ደውዬ ነገርኳት። አልሳቀችም። «ማም፣ ዛትስ ሚን» ብላ ዘጋችው፤ ክፋት ነው ማለቷ ነው።

ቤቱ በሁለታችን ስም ነው። ካልፈረምኩ አይሸጥም። አልፈርምም።

ረቡዕ

ተኳርፈን ዋልን። ምስሩን ቆሞ በላ።

ጋሼ ተሰማ ጋ ደወልኩ። ግርማ እኔን ሲጠይቅ ሽማግሌ ሆነው የመጡት እሳቸው ናቸው። አሁን እዚሁ ከተማችን ኬንሲንግተን፣ የመንግሥት ፍላት፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። «ጋሼ፣ ግርማን ይገሥጹልኝ» አልኳቸው። ነገ ሁለት ሰው ጨምረው ሊመጡ ነው። አርፌ እተኛለሁ።

ሐሙስ

ጉድ ነው የሆንኩት።

ሦስቱም ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ጋሼ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ግርማ፣ ምን ነካህ?» ብለው ጀመሩ። ግርማ አልተከራከረም። ፎቶዎቹን ቲቪው ላይ ከፈታቸው፤ እኔ ላለማየት ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ ጋሼ ተሰማ መነጽራቸውን አወጡ። «ይቺ ማማው ሥር ያለችው ክፍል ፀሐይ ታገኛለች?» ሁለተኛው ሽማግሌ ጸሎት ቤት እንዳለው ሲሰሙ ካህን ከየት እንደሚመጣ አሰቡ። ሦስተኛው ጓሮው ላይ ጎመን ተከሉ። ጥብሴ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክፍል ተከፋፈሉ! ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ በዚህ ዕድሜ ሕልም ያለው ሰው የተባረከ ነው። ፈርሚለት» አሉኝ ጋሼ።

ከሳሽ ነበርኩ፣ በገዛ ቤቴ ተከሳሽ ሆንኩ። ግርማ ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ አንጀቴን አሳረረችው።

ራሴ ጠርቻቸው እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ እሺ አልኩ። «ግን ያ ግንብ ሊፍት የለውም። ቅዳሜ ጋሼ ቤት እንሂድና ግርማ አሥራ ሁለቱንም ፎቅ በደረጃ ይውጣ። ከደረሰ እፈርማለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ግርማ አልሳቀም። «እሺ» አለ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ይቀመጣል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። እያንጎራጎርኩ ዕቃ አጠብኩ።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ በሊፍት ወጥተው ላይ ጠበቁን። እኔ የቤቱን ሽያጭ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ከኋላው ተከተልኩ።

ሦስተኛው ላይ አልተቀመጠም። ተናደድኩ። አምስተኛው ላይ አንድ እግሩን መጎተት ጀመረ። «ልዑል ሆይ፣ አሽከር ልጥራልዎት?» አልኩት። ሰባተኛው ላይ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ልብስ ልታጥብ የምትወርድ ሶማሊት ቆማ አየችን። «ሲስተር፣ ኢዝ ሂ ኦኬ?» ኤክሰርሳይዝ እያደረገ ነው አልኳት።

በየፎቁ ዞሮ ያየኛል። እኔ ስልኬን አያለሁ።

ደረሰ። የመጨረሻውን በእጁም በጉልበቱም ነው የወጣው፤ ግን ደረሰ። ጋሼ ተሰማ «እሰይ!» ብለው አጨበጨቡ፣ ወንበር አመጡለት። ቃል ቃል ነው፤ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አወጣሁ። እጄን ገፋው።

«አትፈርሚ» አለኝ።

«ለምን?»

«በየፎቁ ዞሬ ያየሁሽ ‹በቃህ› እንድትዪኝ ነበር። አንዴ ብትዪኝ ግንቡን ትቼ አብሬሽ እወርድ ነበር።»

ጋሼ አቀረቀሩ። በሊፍት ወርጄ ታች ጠበቅኩት። አልመጣም።

እሑድ

እዚያው ጋሼ ሶፋ ላይ አደረ። ደውለው ጉልበቱ አብጦ ሱሪው አልወልቅ እንዳለ ነገሩኝ። «ታዲያ ምን አለበት፣ ማማው ሥር ፀሐይ ይሙቅ» ብዬ ዘጋሁባቸው። በሽማግሌ ጆሮ ላይ!

ይቺ ምላሴ። ከዚያ ኩሽና ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማክሰኞ

ሳምሪ ልብሱን ልትወስድለት መጣች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ግንቡን ትቶታል አለችኝ። «ተመስገን፣ ቤቴ ተረፈ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ልጄ እንደማታውቀኝ ሰው አየችኝ።

«ማም፣ ሂ ወንትስ ሂዝ ሃፍ» አለች።

ግማሹን፣ የቤቱን ድርሻውን። ኬንሲንግተን አካባቢ፣ ምድር ላይ ያለች አንዲት ክፍል ይበቃኛል ብሏል። ቤቱ ይሸጣል።

ዓርብ

ቤታችንን የሚሸጠው ኤጀንት መጣ፤ ጫማው የሾለ ጎረምሳ። ኩሽናዬን ፎቶ አነሣ። ማስታወቂያው ላይ «ትንሽ እድሳት የሚያስፈልገው» ብሎ ሊጽፍ ነው። ስድብ መሰለኝ። እዚህ ጋ ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ።

ሲሄድ የፈረንሳዩን ግንብ ከፈትኩት። እስካሁን አልተሸጠም። የውስጡን ፎቶ ዛሬ ገና ነው ያየሁት፤ ሳላየው ነው ለካ ስሰድበው የከረምኩት። ደረጃው ሰፊ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስወጣል።

ለግርማ ጻፍኩለት፦ «ጉልበትህ እንዴት ነው?» ዝም። «ብርድ ልብስ ላምጣልህ?» ዝም። «ግንቡ አልተሸጠም እኮ።»

አሁን መለሰልኝ። «በቃሽ፣ ጥሩዬ።»

እሱ እንኳ እኔን ሦስተኛው መልእክት ላይ አስቆመኝ።