የተመለሰው ትሪ

ዓርብ

እዚህ ሆስፒታል ሳይጠይቁኝ ምግቤን ፈጩብኝ። በደሉ ይህ ነው። ጥርስ አለኝ፤ ጉሮሮ አለኝ። የተሰበረው ዳሌዬ ነው።

ትናንት ሐሙስ ስለነበር ትሪውን እንደመጣ መለስኩት። የምግብ ባለሙያዋ ዳልያ አየችው። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ዛሬ ጠዋት እንደ ጭቃ የላመ ነገር አመጡልኝ። እሱንም መለስኩ።

ረፋድ ላይ ሳሚር የሚባለው የመዋጥ ባለሙያ መጣ። ጉሮሮዬን በጣቱ ይዞ ውኃ አጠጣኝ። በዕብራይስጥ «ቤሰደር፣ ደህና ነህ» ብሎኝ ሄደ። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ለምሳ የመጣው ግን ያው የተፈጨው ነው። ታዲያ ሰውየው ለማን ነገረ?

ሰንበት ሊገባ ነው። ብዕሬን ላስቀምጥ።

እሑድ

ኢሪና ጥሩ ሠራተኛ ናት። መራመድ የምታለማምደኝ እሷ ናት። ከሩሲያ ወደ እስራኤል የመጣችው እኛ ከኢትዮጵያ በመጣንበት ሰሞን ነው፤ ዕብራይስጧ እንደ እኔው የተሰባበረ ስለሆነ እንግባባለን። ዛሬ የብረት መደገፊያውን ይዤ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄድኩ። «ሳባ፣ ነገ ደረጃ» አለችኝ። አያቴ ማለቷ ነው። አያቷ አይደለሁም፤ ግን አላረምኳትም።

ልጄ አስቴር ከፋብሪካ ወጥታ መጣች። ረቡዕ ባለሙያዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ወዴት እንደምሄድ ይወስናሉ አለችኝ። ክርያት ያም ከተማ ያለው ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ደረጃ መውጣት ካልቻልኩ የሚወስዱኝ አረጋውያን መጦሪያ ነው።

«አባባ፣ ሰኞና ሐሙስ እንደሚጾሙ ልንገራቸው?»

ከለከልኳት። አባቴ ጾሟል፣ አያቴም ጾሟል፤ ሲያውጁት አልሰማሁም።

ሰኞ

ደረጃው ቀረ።

ትሪውን መልሼ፣ ጫማዬን አድርጌ ስጠብቅ ኢሪና መጣች። «ዳልያ አይበላም ብላ ጽፋለች። ደክመሃል፣ ትወድቃለህ» አለችኝ። ሳሚር ደህና ነህ እንዳለኝ ነገርኳት። አልሰማችም ነበር። ሦስቱም የሚሠሩት በአንድ ኮሪደር ነው። እኔ ያለ አስተማሪ፣ ያገኘሁትን ሰው እየጠየቅሁ ፊደል ለየሁ። እነዚህ ተምረው እርስ በርስ አይጠያየቁም።

ወደ ማታ አስቴር መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። «ይቅር ይበሉኝ አባባ። ጾምዎን እግዜር ያየዋል። እነሱ የሚያዩት ትሪውን ነው» አለችኝ።

ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ማክሰኞ

አስቴር ቃሌን አላከበረችም። ከሥራ ቀርታ ጠዋት ለኢሪና ነገረቻት። ኢሪናም ዳልያንና ሳሚርን ይዛ መጥታ አልጋዬ ሥር አቆመቻቸው። ፊቴ ቆመው ተጨቃጨቁ። ከዕብራይስጡ ያመለጠኝን አስቴር ነገረችኝ።

«ጉሮሮው ደህና ነው ብዬ ጽፌያለሁ» አለ ሳሚር።

«የት?» አለች ዳልያ።

«በእኔ መዝገብ።»

«ያንተን መዝገብ እኔ መቼ አየዋለሁ?»

«የተኛው አንድ ሰው ነው። ሦስት ቦታ አትከፋፍሉት» አለች ኢሪና።

ዳልያ ፊቷ ቀላ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና በየትኛው ቀን እንደማልበላ ጠየቀችኝ። እኔን ጠየቀችኝ። የቤታችን ደረጃ ታየኝ። አስቴር ልትመልስልኝ ስትል በእጄ አስቆምኳትና ራሴ በዕብራይስጥ «ሰኞና ሐሙስ» አልኩ።

ሳሚር ሳቀ። «የእኔም አያት እንዲሁ ናት። ጾመሻል ወይ ያላትን ሰው በጫማዋ ነው የምታባርረው» አለ። ሴትዮዋ አስተዋይ ናት።

ለምሳ ዳቦና ዶሮ መጣ። አጥንቱን ሳይቀር ጋጥኩት።

ረቡዕ

ደረጃውን ወጣሁ። ኢሪና ከኋላዬ ነበረች፣ ሳሚር ከጎኔ። ዳልያ እንኳ ሥራዋን ትታ ልታይ መጣች። መሐል ላይ መያዣውን ጨብጬ ቆምኩ። «ተዉት፣ ራሱ ይጨርስ» አለች ኢሪና። ጨረስኩ።

ስብሰባቸው ረዘመ። አስቴር በር ላይ ቆማ ጥፍሯን ስትበላ ዋለች። በመጨረሻ ከነገ ወዲያ ለሙከራ ወደ ቤት ይሂድ አሉ። ካቃተኝ መጦሪያው አለ። ደረጃችን ከዚህኛው ይልቅ ቀጥ ያለ ነው፤ መያዣውም ይነቃነቃል። እናያለን።

የነገውን ምግቤን እስኪመሽ እንዲያቆዩልኝ ዳልያ ለወጥ ቤት ነግራለች። ለኢሪናም ነግራታለች። ሁለቱም ለየብቻ መጥተው ነገሩኝ።

«አባባ፣ ተቀየሙኝ?» አለችኝ አስቴር።

ቀድማ ቤት እንድታደርስልኝ ቦርሳዬን አስያዝኳት።

ነገ እጾማለሁ። ስለዚያ ስለተፈጨው ምግብ ግን ለእሷም፣ ለጎረቤትም፣ ለዚህ ወረቀትም ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልናገርም።