እጄን የማልነክርበት ዶሮ

ሰኞ

እምቢ አልኩ። እትዬ ሐዋን፣ የማበስልበት የሳሃፋ ሰፈር ምግብ ቤት ባለቤትን፣ እምቢ አልኳቸው።

ደላላ በሽንኩርት ጆንያ ደብቆ ከድንበር ማዶ ያስገባውን የቀዘቀዘ ዶሮ አመጣላቸው። ማኅተም የለው፣ ምርመራ የለው። የወፍ ጉንፋን ገብቷል ተብሎ ሰፈሩ በሚታመስበት ሰሞን!

«በሽታውን እሳት ይገድለዋል ዘሀራ። ያላ፣ እጠቢ!» አሉኝ።

እሳትማ ይገድላል። ከእሳቱ የሚቀድመው የኔ እጅ ነው እንጂ። የኛ ዶሮ ለቅለቅ ተደርጎ ድስት አይገባም። በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል። ፊቴ ላይ ይረጫል። እጄም የቢላዋ ጭረት አያጣውም።

ማክሰኞ

ኩርፊያ። ዶሮው ምግብ ቤታችን ለታዘዘው የእሑድ ሠርግ ነው።

«ኢቃማሽን ያወጣልሽ ማነው?» አሉ። እውነት ነው፣ ከወሎ ድንበር ተሻግሬ ስመጣ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። አለቀስኩ። ግን አላጠብኩም።

የምፈራው፦ መባረር። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ። ትኩሳት። የቱ እንደሚብስ እንጃ።

ረቡዕ

«እንግዲያው አብረን እንጠብ» አልኩና ሳፋውን ከነጆንያው መሀላችን አስቀመጥኩ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሊያደርጉት ነው ብዬ ደነገጥኩ። እጃቸው ጆንያው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ኸላስ! ውጪልኝ፣ እንዳትመለሺ!»

ወጣሁ። ቅንጣት አልተጸጸትኩም። ውሸቴን ነው፣ አርካዊት ሰፈር ያለው ቤቴ እስክደርስ ስጸጸት ነበር።

ሐሙስ

ደወሉ። «ነይ፣ ዶሮውን ለደላላው እመልሳለሁ። ሠርጉ በበግ ይሆናል።»

ደስታዬ! ቆይ ግን፣ ደላላው ይዞት የት ይሄዳል? ማንሺያ ሰፈር ላለ አንድ ሀብታም ይሸጠዋል፤ አንዷ የአገሬ ልጅ ማድ ቤት ቆማ ታጥበዋለች።

«ካልተቀበረ አልመጣም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በእሳቸው ላይ! ምን ነካኝ? በእግሩ የመጣልኝን ሥራ በእጄ ገፋሁት። ቢሆንም አልደውልም።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ሐዋ፣ የተከናነቡት ቶብ አፈር በአፈር ሆኖ፣ አካፋ ይዘው ቆመዋል።

«የምግብ ቤቱ ጓሮ መሬት ድንጋይ ነው» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ። «በጆንያው እንዳለ ነው፣ አልነካሁትም። ጉድጓዱን ጨርሺልኝ።»

አካፋውን ተቀበልኳቸው። ይሄንንስ እምቢ አላልኩም።