ወደ ቀኝ ዞር ስል

የቀኝ ዳኛዬ፣ እህት ዓለም፣

ይህን የምጽፍልሽ በፖስት ካርዱ ላይ በምታዪው የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው፤ እስካሁን ብቻዬን እስቃለሁ። የሕግ ዶክትሬቱ ግማሹ የክፍል ትምህርት፣ ግማሹ ጥናት ነው፤ ዛሬ የጥናት ርዕሴን የማስጸድቅበት ቀን ነበር። ርዕሴን ታውቂዋለሽ፤ መዝገብ በቀጠሮ ብዛት ለምን እንደሚጓተት።

አስተማሪያችን መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ ዳኞች ቀጠሮ የሚያበዙት ለምንድነው?» ብላ አፋጠጠችኝ። እኔም ችሎት ላይ እንደለመድኩት አፌን በእጄ ከልዬ ወደ ቀኝ ዞር አልኩና «ምን እናድርግ?» ብዬ አንሾካሾክሁ። አንቺ የተቀመጥሽ መስሎኝ እኮ ነው። የተቀመጡት ግን አብረውን የሚማሩ አንድ ሽበታም ጠበቃ ናቸው። ደንገጥ ብለው «እኔ ምን አውቄ፤ ለሐሙስ ይቀጠርልኝ በያት» አሉኝ።

ቀና ብዬ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ «መልስ ለመስጠት ለሐሙስ ተቀጥሯል» አልኩ።

እኛ ጋ ይህን ስል ባለጉዳዩ እጅ ነስቶ ይወጣል፤ እዚህ ግን ክፍሉ በሙሉ አውካካ። አስተማሪዋ እንባዋን እየጠረገች «ርዕሱ ጸድቋል፤ ማስረጃውንም ሰምተናል» አለች።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን እጅ ንሺልኝ፣ መንትዮቹን ሳሚልኝ፣ ችሎት አስከባሪያችንንም ሰላም በይልኝ። ጠበቃው ደግ ሰው ናቸው፤ ሐሙስም አጠገቤ ይቀመጣሉ። ግን ልሳሳት ስል እንደ አንቺ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን የሚረግጠኝ ሰው የለም።