በጅራቷ የተቀመጠችው አውሮፕላን

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ብርድ ሲገባ ይነዝረኛል የምትለው ወገብህስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። ግፊቴ አንዳንዴ ከፍ ይላል፤ ዓይኔም ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር አያስገባም። ከዚያ በተረፈ እግሬም አፌም እንደ ድሮው ይሠራሉ።

ጽሑፉ የእኔ መሆኑን ትጠራጠር ይሆናል። አትጠራጠር፤ ማንም አልጻፈልኝም። ጎልማሶች የሚማሩበት ክፍል ገብቼ በስተርጅናዬ ፊደል ቆጥሬአለሁ። ድሮ አንቱ እልህ ነበር፤ አሁን አንተ እያልኩ የምጽፍልህ አስተማሪያችን ለሚቀርቡት ሰው እንደዚያ ይጻፋል ስላለችን ነው። ቅርበታችንን ግን አንተም እኔም እናውቀዋለን።

ባለፈው ሳምንት ልጃችን መልእክትህን አደረሰችኝ። ቁም ሳጥኑ ላይ ትተኸው የሄድከውን፣ ተገጣጥማ የምትሠራውን የትንሿን አውሮፕላን ካርቶን እንድልክልህ ትፈልጋለህ አሉ። አባዬ እባክሽ ብሏል አለችኝ። እባክሽ የሚለውን ከራሷ ነው የጨመረችው፤ አብሬህ ያረጀሁት ሴትዮ ያን ቃል ከአፍህ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ እውነተኛው አመለጣት። “ለእናትሽ አቧራ ከማጠራቀም በቀር ምን ያደርግላታል?” ነው ያልከው።

መልሴ ይኸውልህ። ካርቶኑን ከፈለግክ ባዶውን ዛሬውኑ እልክልሃለሁ። ውስጡ የነበረው ግን መስኮቱ ሥር ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አንተ ያልጀመርከውን እኔ ጀምሬዋለሁ፤ እኔው እጨርሰዋለሁ።

ጠረጴዛዬ ያልኩት ያንተ የነበረውን ነው። በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ የእኔ ቦታ የት እንደነበር ታስታውሳለህ? ወለሉ ላይ ነበር። ከወረንጦህ አንዲት ቅንጣት ባመለጠች ቁጥር ማንም እንዳይንቀሳቀስ ትልና እኔ በእንብርክኬ እገባ ነበር። የመስኮት መስታወት፣ የፓይለት ወንበር መደገፊያ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ሁሉ ምንጣፉን በመዳፌ እየዳበስኩ ፈልጌ አገኝልህ ነበር። ምግቡ ይቀዘቅዛል፤ እኔ ከአልጋው ሥር ነኝ። አግኝቼ ሳቀብልህ ደግሞ ጣትሽ ላብ አለው፣ ሳህኑ ላይ አድርጊው ትለኛለህ። አንድ ቀን ልጃችን፣ ያኔ ገና ጥርሷን እየነቀለች ነው፣ እማዬ የአባዬ መጥረጊያ ናት ብላ ሳቀች። አንተም ሳቅክ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም።

ስትሄድ የተሠሩትን በሙሉ በጥጥ ጠቅልለህ ወሰድካቸው። እንደዚያ ተጠንቅቀህ ስትሸከም ያየሁህ የዚያን ቀን ብቻ ነው። ይቺን፣ ባለ ሁለት ሞተሯን የመንገደኛ አውሮፕላን፣ ሥራ ቦታህ እውነተኛዋን ስትፈታና ስትገጥም የኖርክባትን፣ ጡረታ ስወጣ እያልክ መመሪያዋን ብቻ አይተህ ሳትጀምራት አስቀመጥካት። ጡረታው ሳይወጣ አንተ ከቤት ወጣህ፤ እሷን ረሳሃት። እኔንም የረሳኸኝ ያን ሰሞን ስለሆነ እዚያው ቁም ሳጥን አጠገብ አብረን ከረምን።

እንዴት እንደከፈትኳት ልንገርህ። አስተማሪያችን ከቤታችሁ ጽሑፍ ያለበት ነገር ይዛችሁ ኑ አለችን። አንዷ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ አንዱ የመብራት ደረሰኝ ይዞ መጣ። እኔ ካርቶኑን ከፍቼ መመሪያውን ይዤ ሄድኩ። አስተማሪዋ ገለበጠችው፣ ዘቀዘቀችው፣ እማማ ይሄ የኛ ፊደል አይደለም፣ እኔም አላነበውም አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ወረቀቱን እያየሁ ደሜ ፈላ። ሥዕልና ቁጥር ብቻ ነበር! በር ዘግተህ፣ ሬዲዮ አስጠፍተህ፣ ልጅ እንዳያለቅስ ከልክለህ ትመረምረው የነበረው ነገር ይሄ ነው? ቁጥር እኔም አውቃለሁ። ሥዕልም የሚያይ ዓይን አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጀመርኩ። ክፍሎቹን ከፕላስቲክ ክፈፋቸው በጥፍር መቁረጫ እየቆረጥኩ፣ ትርፉን በምላጭ እየላግኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስኩ። መጀመሪያ ላይ ኮላ አበዛሁና አንደኛዋን መስኮት አደበዘዝኳት። እዚያ ጋ የሚቀመጠው መንገደኛ ጉም ሲያይ ይሄዳል ብዬ ተውኩት። የመንገደኞቹን ወንበር አንድ በአንድ ሰማያዊ ቀባሁ። ልጃችን አይታኝ፣ እማዬ ሲዘጋ እኮ ማንም አያየውም፣ ለምን ትደክሚያለሽ አለችኝ። እኔ ስቀባው አይቼዋለሁ አልኳት።

ከዚያ ሁለቱን የሆድ ግማሾች ገጥሜ አጣበቅኩ። መጋጠሚያውን በስቱኮ ሞላሁ፣ አሸሁ፣ ነጭ ቀባሁ። ከመስኮቶቹ በታች የሚሄደውን ሰማያዊ መስመር፣ ከወረቀት ተላቆ የሚለጠፈውን፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ በብሩሽ እያንሸራተትኩ አስተኛሁት። ያ ስስ ነገር በትንፋሽ እንኳ ይታጠፋል። ትንፋሽሽን ያዢ እያልክ የምትጮኽብኝ ለካ ለዚህ ኖሯል። በዚያች በአንዷ ልክ ነበርክ።

መጨረሻ ላይ እግሮቿን ተከልኩና ጠረጴዛው ላይ አቆምኳት። ቀስ ብላ ወደ ኋላ አጋደለችና በጅራቷ ቁጭ አለች። አፍንጫዋ ኮርኒስ ያያል። መለስኳት፤ እንደገና ቁጭ። ልጃችን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና እማዬ አውሮፕላንሽ ደክሟታል አለችኝ።

ኮላና ቀለም የሚሸጥልኝ ባለ ሱቅ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ደግ ሰው ነው፤ ሳቁን አፍኖ መመሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ክብ በጣቱ አሳየኝ። ሆዷ ከመዘጋቱ በፊት አፍንጫዋ ውስጥ ክብደት ይገባል ማለት ነው። ይህን ካልጨመሩላት ኋላዋ ይከብዳታል። ክቧንማ ቀደም ብዬ አይቻታለሁ፤ አንተ ቀለም ያንጠባጠብክባት መስሎኝ ረግሜህ ነው ያለፍኳት። አንተን መጠርጠር ያሳሳተኝ ይኸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ባለ ሱቁ መላ አለው፤ ብርሃን የምታሳልፍ ስስ ዘንግ አወጣና ጅራቷ ሥር ደገፋት።

“እትዬ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። አሁን ቢቆርጧት ቀለሙም መስመሩም ይበላሻል። በዚያ ላይ ከሩቅ አይታይም” አለኝ።

ዘንጓን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ደገፍኳት፤ ቆመች። እውነቱን ነው፣ ከበሩ ላይ ሆኜ ሳያት ዘንጓ አትታይም። ሰሃን ላጥብ ብዬ ገባሁ፤ አንዱን ሰሃን ሁለቴ አጥቤ ኖሮ እጄ ላይ ሲያብረቀርቅ አየሁት። ከሩቅ ደህና የሚመስል ነገር ውስጥ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ጎረቤት ሁሉ ያንቺስ ትዳር እያለ ሲቀናብኝ፣ ከሥር ምን ደግፎት እንደቆመ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄን አድርቄ ወጣሁና ዘንጓን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኳት።

ተቀብቶ ያለቀ ነገር ላይ መጋዝ ማሳረፍ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። በፎጣ ጠቅልዬ ጉልበቴ መሐል ያዝኳት። ከፓይለቶቹ መስኮት ፊት ለፊት፣ ዙሪያዋን፣ ፀጉር በምታህል የመጋዝ ጥርስ ገዘገዝኳት። ነጭ ብናኝ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ልጃችን እማዬ ተይ፣ ትሰብሪያታለሽ ብላ ክፍሉን ለቃ ወጣች። አፍንጫዋ መዳፌ ላይ ተቆርጦ ሲወድቅ እኔም አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ የሰጠኝን አሮጌ የኩሽኔታ ኳሶች አንድ በአንድ በኮላ እያስቀመጥኩ፣ አፍንጫዋን በፕላስተር እየያዝኩ ሞከርኳት። አጋደለች። ጨመርኩ። ተወላወለች። ጨመርኩ። በመጨረሻ ፊቷን ዝቅ አድርጋ በሦስት እግሯ ቆመች፤ ጠረጴዛውን በጡጫዬ ብመታው እንኳ ንቅንቅ አላለችም። መልሼ ዘጋሁ፣ ስቱኮ ሞላሁ፣ አሸሁ፣ ቀባሁ። አዲሱ ነጭ ከድሮው ነጭ ትንሽ ይለያል። ያየ ይየው።

ባለ ሱቁ ሳሳየው አገላብጦ አያትና የሱቁ መስኮት ውስጥ እንዳስቀምጣት ጠየቀኝ። የባለቤትዎ ሥራ ናት አይደል አለኝ። አይደለችም፣ የእጄ ሥራ ናት አልኩት። የሠሪው ስም የሚጻፍባት ካርድ ሰጠኝና እኔው ጻፍኩባት። ፊደሎቹ ተራ እንደሚጠብቁ ልጆች ትንሽ ተጋፍተዋል፤ ይነበባሉ ግን። ሰኞ አስገባታለሁ።

ልጃችን መልእክትህን ያደረሰችኝ ወደ አንተ ስትሄድ ነበር። ለአንተ የገዛችውን ዕቃ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ውሃ ልትጠጣ ስትገባ ከረጢቱ ተከፍቶ አየሁት። ክር የሌለው ጫማ። ክዳንና ሁለት እጀታ ያለው፣ እንዳይፈስ የተሠራ ኩባያ። የጫማህን ክር ሁለቴ ካላሰርክ ከቤት የማትወጣ ሰው ነበርክ። ስትመለስ ይሄ ምንድን ነው አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ዝናቡ ዘገየ አልኩና ስለ አየሩ አወራን።

ስለዚህ ካርቶኑን ምን ልታደርገው ፈልገህ እንደነበር አልጠይቅህም።

አንድ ሥራ ቀርቷል። ሞተሮቹ ፊት የሚሽከረከሩትን ሁለቱን ውልብልቢቶች አልገጠምኩም። ኮላ አይነካቸውም፤ ብሩሽም ወረንጦም አይፈልጉም። ከሞተሩ ፊት ያለው ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ እዚያ ላይ አሳርፎ በአውራ ጣት መግፋት ብቻ ነው። መጀመሪያ ቢስቱትም ግድ የለም፣ ቀለሙ አይጫርም፤ ሞክሬዋለሁ። ሞተሩ ጋ የማን እጅ መድረስ እንዳለበት ደግሞ አውቃለሁ። እኔ ሆዷን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ እይዛታለሁ።

ልጃችን ቅዳሜ ጠዋት መኪና ይዛ እኔ ዘንድ ትመጣለች። በመንገዷ ላይ ነህ። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ከሆነ አትድከም፤ እኔም ይቅር አልልህም፣ ወሬውም ጠዋታችንን ይበላብናል። ለውልብልቢቶቹ ከሆነ ና። ማንም አይቸኩልም፤ ቀኑን ሙሉ ቢወስድም ቀኑ አለኝ። ካልመጣህ እሑድ እኔው እገፋቸዋለሁ፤ ሰኞም እሷ መስኮቱ ውስጥ ናት።

ፈጣሪ ጤናውን አይንፈግህ። እንቅልፍህን የሰላም፣ ጠዋትህን የብርሃን ያድርግልህ። እጅህን ያበርታልህ።

የልጅህ እናት