ሃያ ሦስት ጊዜ በቅልጥፍና የተስተናገድኩበት መዝገብ

ሐምሌ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.
ኮልፌ

ለተከበሩ ጓድ ደመቀ ይገዙ፣
የቀበሌያችን መዝገብ ቤት ደኅንነትና ቅልጥፍና ተቆጣጣሪ

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመዝገብዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የመዝገቡን ጤንነት እንኳ ዘወትር ዓርብ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ስለሚያወጡልን እናውቀዋለን፤ የእርስዎም ከፊትዎ ያስታውቃል፣ እሰየው። እኔ ከገበያው ጀርባ ፍራሽ የምሰፋው ነገሬ ቡልቻ፣ በውይይት ክበብ ሂስ ከማቅረብ ወደኋላ አትበሉ ብለው ስላበረታቱን፣ ይህችን ደብዳቤ ከሪፖርትዎ ጎን ለመለጠፍ ደፍሬአለሁ።

ባለቤቴ ከበደች ደሜ ኩላሊቷን ታማ እግሯም ፊቷም አብጧል። ሆስፒታሉ የሚቀበላት ከቀበሌ የነጻ ሕክምና ወረቀት ስንይዝ ነው፤ ወረቀቱ የሚጻፈው ደግሞ ስሟ ከመዝገብዎ ሲገኝ ነው። ስለዚህ በትሕትና፦

1ኛ/ አምና 114 የነበረውን የቤታችንን ቁጥር 371 ብላችሁ በቀይ ቀለም ስለጻፋችሁልን እናመሰግናለን፤ በራችን አምሮበታል። ይሁንና የቤት መዝገቡ አዲሱን ቁጥር ሲይዝ የቤተሰብ ካርዳችን ከነአሮጌው ቀርቷል። በ371 ሲፈለግ ቤቱ አለ፣ ሰው የለበትም፤ በ114 ሲፈለግ እኛ አለን፣ ቤት የለንም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዷን ቁጥር መሰረዝ የማን ሥራ እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም።

2ኛ/ ጠረጴዛዎ ላይ ሰዓት አስቀምጠው እያንዳንዱ ጥያቄ በስንት ደቂቃ እንደተመለሰ መመዝገብዎ የሚደነቅ ነው። ጸሐፊዋ ጓድ ዘመነች በአራት ደቂቃ ውስጥ ከበደች እንደሌለችና ነገ እንድመለስ ትነግረኛለች፤ እርስዎም «ተመልሷል» ብለው ምልክት ያደርጋሉ። በማግስቱ ስመጣ አዲስ ጥያቄ እሆናለሁ። እንዲህ ሃያ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ባለፈው ዓርብ በቅልጥፍና ከአጎራባች ቀበሌዎች ሁሉ በለጥን ተብሎ ሲለጠፍ፣ ወይ ጉድ፣ የድሉ ተካፋይ መሆኔን አወቅሁ።

3ኛ/ ጓድ ዘመነች አንድ ቀን አዝናልኝ ሁለቱንም መሳቢያ አውርዳ ካርድ በካርድ ማመሳከር ጀምራ ነበር። አንድ ሰዓት ሲሞላት እርስዎ የወሩን ውጤት አበላሸሽ ብለው ስለገሠጿት መሳቢያዎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ቀና ብላም አታየኝ፣ አልፈርድባትም።

4ኛ/ አራተኛ የለኝም። ከትናንት ጀምሮ ከበደች ጫማ አልገባላት ብሏል። ቤት በገባሁ ቁጥር ዛሬስ ተገኘሁ ወይ ትለኛለች። ጨንቆኛል፣ ጓድ።

ሰዓትዎ እንዳይቆም፣ መዝገብዎም ጉንፋን እንኳ እንዳይነካው እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዎ በመነሳት ጊዜዎን ለማያባክኑት ለእርስዎ አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

በ371 የማይኖረው፣ በ114 ቤት የሌለው
ነገሬ ቡልቻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስወጣ የአብዮት ጥበቃው ጓድ ፍቅሬ በር ላይ መጥሪያ ሰጠኝ። ከበደች ደሜ፣ ከነአያቷ ስም፣ የቤት ቁጥር 371፣ ሁለት እሑድ ከስብሰባ ስለቀረች ነገ ጠዋት በአካል ቀርባ እንድታስረዳ ይላል። ለካ ትገኛለች! ፈልጎ ያገኛትን ሰው ይጠቁሙኝና እግሩን ልሳም። ነገ በቃሬዛ አስይዤ አመጣታለሁ፤ እባክዎን ሰዓትዎን ለጥቂት ጊዜ ይገልብጡና የሕክምና ወረቀቷን እዚያው መጥሪያው ጀርባ ላይ ይጻፉላት።