ዳግዱን ከሥራ ያሰናብቱልን

ለክቡር ሼት ሃሪቫላብ፣
የፓሬልን ሰማይ በጢሱ ለሸፈነው የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት፣
ቦምቤይ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእመቤቲቱስ የጉልበት ሕመም ተሻላቸው? ባሕሩ ዳር ያሠሩት አዲስ ቤት ነፋሱ ተስማምቷቸው ይሆናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እኛ ከፋብሪካዎ ግድግዳ ሥር የምንኖረው፣ ጥጡ በልኩ ወደ ሳንባችን እየገባልን፣ ደኅና ነን።

የማን ልጅ ለማን ታጨች፣ ማን ከማን ጋር በውሃ ወረፋ ተጣላ እያልሁ በማወራበት በዚህ የጋዜጣ ገጽ ላይ ለእርስዎ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ደብዳቤውን በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ልልከው ሞክሬ ነበር፤ ዘበኛው «ለሼት የሚመጣ ወረቀት መጀመሪያ ካቦ ያየዋል» አለኝ። ካቦ ደግሞ ማንበብ አይችልም።

የዲዋሊ በዓል ተመልሶ ሊመጣ ነውና፣ ያለፈውን ዓመት በምስጋና ልቁጠርልዎ።

አንደኛ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መብራቱ። ቀድሞ ጀንበር ስትጠልቅ ክሩ ስለማይታይ ሰው ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። በብርዱ ወራት ግን የማትጠልቅ ጀንበር በየክፍሉ አንጠለጠሉልን። እግዜር ይስጥልን። የጎረቤቴ ሕፃን አባቷን ስታይ ማልቀስ ጀምራለች፤ እናቷ «ዝም በይ፣ ሌባ አይደለም፣ አባትሽ ነው!» ስትላት በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ወረርሽኙ። አይጦቹ በደረጃችን ላይ እየወደቁ መሞት ሲጀምሩ የሰፈሩ ሰው እኩሌታ ወደ ኮንካን፣ ወደየመንደሩ ሸሸ። እርስዎ ግን በአባትነት ርኅራኄዎ የፋብሪካውን መኪኖች ለአንድ ቀን እንኳ አላስቆሙም፤ ምስጋና ለምትኮቹ። ሥራ ያጣው ሁሉ ጠዋት በርዎ ላይ ይኮለኮላል፤ ካቦ በቃሉ የያዘውን ስም ይጠራል፤ ባለስሙ ከቀረ ከቆሙት አንዱ «አለሁ» ብሎ ይገባና እስኪመሽ ድረስ ያ ሰው ሆኖ ይውላል። አንዳንዱ በሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ይሆናል። ሚስቶቻቸው ማታ በየትኛው ስም እንደሚጠሯቸው ለመጠየቅ እስከ ዛሬ አልደፈርሁም።

ሦስተኛ፣ ስለ ዳግዱ። በፊቱ የተወለዱት ሁሉ ስላልበረከቱላት፣ ሞት እንዲንቀው ብላ እናቱ ድንጋይ ብላ የሰየመችው ነው። በሽመናው ክፍል መስኮቱ አጠገብ ባለው የሽመና መኪና የሚሠራው፣ ሲስቅ ከመኪናው ጩኸት በላይ የሚሰማው ማለቴ ነው። ሚስቱ ሳጉና ከእኛ ፎቅ በታች ላጤዎቹን ሠራተኞች ቂጣና የደረቅ ዓሣ ወጥ ታበላለች፤ አፏም እንደ ወጧ ያቃጥላል።

ዝናቡ በጠናበት ሰሞን የመኪናው ቺንግያ፣ መዘውሩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ የዳግዱን የአንገት ልብስ ያዘው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍም፤ ሳጉና ይህን ገጽ ሰው እያነበበላት ትሰማለች። መኪናው ታጥቦ ከምሳ በፊት ሥራ መጀመሩን ግን ሳላደንቅ አላልፍም።

በማግስቱ ጠዋት ካቦ ባላጂ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ወትሮው «ዳግዱ!» አለ። ደግሞም፦ «ዳግዱ ብያለሁ! ጆሯችሁን ጥጥ ደፈነው እንዴ?»

የሟቹ የአገሩ ልጅ ኮንዲባ፣ ስንት ጠዋት ቆሞ ስንት ጠዋት ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው፣ «ካቦ፣ ሬሳውን ትናንት አቃጠልነው እኮ» አለው።

«ስሙንም አቃጠላችሁት? ስም ከተፋቀ የመንግሥት መርማሪው ለምን ተፋቀ ብሎ ይነዘንዛል። ትገባለህ ወይስ ሌላ ላስገባ?»

ኮንዲባ «አለሁ» ብሎ ገባ። ዳግዱም ከዚያን ዕለት ወዲህ አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። ሳጉና እንደ መበለት ወግ አምባሯን ከሰበረች ቆየች፤ በጽሕፈት ቤትዎ ግን ባለ ባል ናት። ሄዳ ስትጮህ ጸሐፊዎ በትሕትና «እናቴ፣ ባልሽ ዛሬም ሥራ ላይ ነው» አላት። እሷም «እንግዲያው ጥራልኝ! ጣራው ያፈሳል፣ መጥቶ ይድፈንልኝ!» አለችው። በሥራ ሰዓት ሠራተኛ እንደማይጠራ አስረዳትና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

በአሥረኛው ቀን ሩዙን በቅጠል አድርገን ባሕሩ ዳር አኖርን። ለእርስዎ ማስረዳት አያሻኝም፤ ቁራው ከበላ ሟቹ ዐርፏል፤ ካልበላ የቀረበት ነገር አለ፤ እኛም የቀረበትን እየገመትን ቃል እንገባለታለን። ወንድሙ ስለ እርሻው ማለለት። እኔ ትቶት ስለ ሄደው ልጁ ማልሁ። ሳጉና «ምን ቀረህ አንተ ሰው? ሌላ እንዳላገባ ነው? ማን ያገባኛል ብለህ!» ስትል ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ። ቁራዎቹ ግን ከግንቡ ላይ አልወረዱም። ወደ ቤት ስንመለስ የፋብሪካዎ ፊሽካ ነፋ፤ ያን ጊዜ ምን እንደቀረበት ሁላችንም ገባን። በየጠዋቱ እየጠሩት ሰው እንዴት አድርጎ ይሄዳል?

ከዚያ ወዲህ ሳጉና ምሳ ይዛ በርዎ ላይ ትቆማለች። «ለማን ነው?» ሲሏት «ለዳግዱ» ትላለች። ኮንዲባ ይወጣና ዐይኑን ሳያነሣ ይበላል። ቃሪያ እንደማይወድ እያወቀች ባሏ እንደሚወደው አድርጋ ትሞጅርበታለች። መጀመሪያ ያስነጥሰው፣ ያስለቅሰው ነበር። አሁን አሁን ግን «ጨምሪበት» ይላል አሉ። ሲስቅም ድምፁ ከመኪናው ጩኸት በላይ ይሰማል አሉ።

አራተኛ ልል ነበር፤ ግን የቀረው ሁሉ ያው ሦስተኛው ነው።

በሙታን መታሰቢያ ሰሞን ሩዙን ደግመን አቀረብን። የክቡር አባትዎን ሩዝ ቁራዎቹ ገና ከብር ሳሕኑ ሳይወርድ እንደተሻሙበት ሠረገላ ነጂዎ ነግሮናል፤ እንኳን ደስ አለዎ። እሳቸውን በር ላይ ቆሞ የሚጠራቸው የለማ። የእኛ ሩዝ ግን ነፋስ እየመታው ዋለ። በመጨረሻ ኮንዲባ ወደ ቅጠሉ ጎንበስ ብሎ «ዳግዱ ዳዳ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ከነገ ጀምሮ በስምህ አልገባም። ብራብም አልገባም» አለ። አንድ ቁራ ወረደ። ከሩዙ አጠገብ ቆመ። አልነካውም፤ ጠበቀ።

በማግስቱ በሩ ላይ የቆመው ሁሉ አፉን ሊዘጋ ተስማምቶ ነበር፤ እኔና ሳጉናም እዚያው ነበርን። ካቦ «ዳግዱ!» አለ። ኮንዲባ ከንፈሩን ነከሰ። ምትኮቹ፣ ቁርስ ያልቀመሱ ሰዎች፣ መሬት መሬቱን አዩ። ካቦ ደግሞ ጠራ። ያን ጊዜ ከሰዉ መሃል ሳይሆን ከበሩ ውስጥ፣ ማንም ገና ካልገባበት ከሽመናው ክፍል፣ «አለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ካቦ ዳግዱ ገብቷል ብሎ ምልክቱን አደረገና የሚቀጥለውን ስም ጠራ። የተማሩት ወዳጆቼ የጠራጊ ቀልድ ነው ይሉኛል። ይሁን። ሳጉና ግን ድምፁን ስትሰማ ቁጭ አለች፤ ደግፈን ወሰድናት። ማታ ባሕሩ ዳር ሄጄ አየሁ፤ ሩዙ እንዳለ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በትሕትና የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳግዱን ያባርሩልን። ሰነፍ ነው ይበሉ፣ ሰካራም ነው ይበሉ፣ አንከራከርዎትም። የዳሰራ በዓል ቀርቧል፤ በዚያን ቀን መኪኖቹ ይቆማሉ፣ ሠራተኛው አበባ ያንጠለጥልላቸዋል፣ እርስዎም ኮኮናት ሊሰብሩላቸው ይመጣሉ። መስኮቱ አጠገብ ካለው መኪና ፊት አንድ አፍታ ይቁሙና በራስዎ አፍ «ዳግዱ፣ ተሰናብተሃል፣ ሂድ» ይበሉት። ኮንዲባ ቢለው አልሰማም፤ ሚስቱ ብትለው አልሰማም፤ ዕድሜ ልኩን የታዘዘው ለእርስዎ ነው። ሩዙን እኛ እናዘጋጃለን።

በጢስዎ ጥላ ሥር የሚኖር፣ ሳይቀጠር በፊሽካዎ የሚነቃ፣ ለቸርነትዎ ምስጋና ቃል ያጠረው፣
ዋማን ጎሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዕድሜ ከጠገቡ በኋላ እርስዎም አንድ ቀን በሌላ በር ላይ ስምዎ ሲጠራ ይሰማሉ። የሰፈራችን ሰው ለሌላ ሰው «አለሁ» በማለት የሠለጠነ ስለሆነ አንዱን በደስታ እንልክልዎ ነበር፤ ግን እንደሰማሁት በዚያ በር ምትክ አይቀበሉም።