ያልተነቀለው ጣውላሽ

እማዬ ሆዴ፣

ሙት ዓመትሽን ካሰብን ሳምንት ሆነ። እኔ ግን አሁንም ከሥራ ስገባ በር ላይ ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ እላለሁ፤ የምትቆጪኝ እየመሰለኝ።

ካዛንቺስ እንደምታውቂያት አይደለችም። ከእኛ ማዶ ያሉት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ጎረቤቶቻችን ርቀው ሄደዋል፣ ዕድርሽም ተበታትኗል። የእኛ ቤት እስካሁን ቆማለች። ምን እንዳደረግኳት ልንገርሽ፤ ብቻ አትቆጪ። ሳሎንሽን ስቱዲዮ አደረግኩት። አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ኮምፒውተርና በገናዬ። ለጾም የሚሆን የበገና መዝሙር እዚሁ ቤታችን ቀርጼ ላወጣ ነው።

ያስቸገረኝ ወለሉ ነበር። ታላቋ ልጅሽ ሕይወት መጥታ አየችና፣ ይሄ ሲጢጥ የሚል ጣውላ ተነቅሎ በቃ ሴራሚክ ይነጠፍበት አለች። ታውቂያት የለ፤ አዲስ ቤት ከገባች ወዲህ ሴራሚክ ያልሆነ ወለል ወለል አይመስላትም። ኦሎምፒያ ያለው ምንጣፍ ሻጭ ደግሞ ስቱዲዮ ማለት ምንጣፍ ነው ብሎ ማለልኝ። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላሽን ወገብሽ ላይ ሸብ አድርገሽ ሰም ስትቀቢው፣ ከዚያ ብሩሹን በእግርሽ እየገፋሽ ከግድግዳ ግድግዳ ስትወለውዪው እያየሁ ነው ያደግኩት። እሱን ነቅዬ በምን ፊቴ አስብሻለሁ?

መጀመሪያ ምንጣፍ አነጠፍኩበት፤ ቢያንስ ይነሣል ብዬ። በገናውን ብደረድር ድምፁ ታፈነ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው መሰለ። ሕይወት ቤት ወስጄ ሴራሚኩ ላይ ሞከርኩት፤ እዚያ ደግሞ ድምፁ ሁሉ እየነጠረ ተመልሶ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ተስፋ ቆርጬ ቁጭ ባልኩበት ለቅሶሽ ትዝ አለኝ።

ያን ጊዜ ሶፋውም ቡፌውም ወጥቶ ፍራሽ ተነጥፎ ነበር። ያ ሁሉ ሰው እያለቀሰ የለቅሶው ድምፅ ከፍራሹ አያልፍም ነበር። ከሥልስት በኋላ ፍራሹ ተነሥቶ በባዶው ክፍል ስምሽን ስጠራ ግን ጣውላው ሙሉ ድምፄን መለሰልኝ። ደንግጬ ወጣሁ። ለካ ክፍሉ የሚፈልገውን ያኔውኑ ነግሮኝ ኖሯል።

ምንጣፉን ጠቅልዬ አወጣሁት። የለቅሶውን ፍራሾች ከጓዳ አምጥቼ የሚነጥረውን ድምፅ እንዲውጡት በግድግዳው ዙሪያ አቆምኳቸው፤ ወለሉን ባዶውን ተውኩት። ሰም ቀብቼ በእግሬ ወለወልኩት፤ ወገቤን ቆረጠኝ፣ አንቺ እንዴት ችለሽው ነበር? ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩና ወፍራሙን አውታር ነካሁት።

እማዬ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ! ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በእግሬ ገባ። ጣውላው ከሥሩ ክፍት ነውና ቤቱ በሙሉ አብሮ አዜመ። ቡፌሽ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጠቀጡ፤ በኋላ ወደ ጓዳ ላዛውራቸው ግድ ሆነ። እጄን ከአውታሩ አንሥቼ መዳፌን ወለሉ ላይ ባሳርፍ ገና እየነዘረ ነው። እንዲያ ፈርቼም፣ እንዲያ ደስ ብሎኝም አላውቅም። ያን ሁሉ ቅዳሜ ስትወለውዪው የኖርሽው ድምፅ የሚያጎላውን የበገና ገበቴ ነበር፤ ሁለታችንም አላወቅንም።

እሑድ ሕይወት መጣች፤ የቀረጽኩትን በማዳመጫ አሰማኋት። መሃል ላይ ትንሽ ስነቃነቅ አንዱ ጣውላ ሲጢጥ ይላል፤ ያ አምሽተን ተደብቀን ስንገባ ለአንቺ የሚያሳብቅብን። አናጢ በአንድ ምስማር ዝም ያሰኘው ነበር፣ ሆን ብዬ ተውኩት። ሕይወት እዚያ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። የሴራሚኩን ነገር አላነሣችም። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ወስዳ በሩ ላይ አስቀመጠችው።

ተራችን ደርሶ ቤታችን ብትፈርስ ጣውላሽን አንድ በአንድ ፈትቼ ይዤው እሄዳለሁ። እስከዚያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰምሽን ቀብቼ፣ ብሩሽሽን እየገፋሁ፣ በእግሬ አስብሻለሁ።

ልጅሽ